ራስ ደጀንን በእግር መውጣት፦ ዕቅዱ ከየት ይጀምራል?

የራስ ደጀን ጉዞ የሚታቀደው ከጫፉ ወደ ኋላ ነው። ሰው ሁሉ ልቡ ያለው 4,550 ሜትሩ ላይ ነው፤ ጉዞን የሚያበላሸው ግን ከጨነቅ ካምፕ ወዲያ ያለው ሸለቆ ነው። ከጨነቅ የተነሳ መንገደኛ የቧሂትን መተላለፊያ 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ይሻገራል፣ እስከ መሸሃ ወንዝ ወደ 2,800 ሜትር ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና አምቢቆ የተባለችው መንደር ለመድረስ ወደ 3,200 ሜትር ይወጣል። አምቢቆ ላይ የታመመ ወይም እግሩ የዞረ ሰው ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ያንኑ መተላለፊያ መልሶ መውጣት አለበት። ስለዚህ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ስንት በቅሎ እንደሚያስፈልግ፣ ማን ወደ ጫፉ እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚወሰነው አንድ ጥያቄ ተይዞ ነው፦ አምቢቆ ላይ አንድ ሰው ቢወድቅብን ምን እናደርጋለን?

(ስለ ስሙ፦ በቢራና በባንክ ስም «ዳሸን» ሆኖ ቢለመድም የተራራው ስም ራስ ደጀን ነው። ከፍታውን 4,620 ሜትር የሚሉ የድሮ ካርታዎች አሁንም ስላሉ ቁጥሩ ቢለያይባችሁ አትደናገሩ።)

መጀመሪያ መንገዱን አጣሩ

ከሁሉም በፊት የጸጥታው ሁኔታ ይታወቅ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ የየብስ መንገዱም ስልኩም ሊቋረጥ ይችላል። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ደባርቅ ወዳለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፤ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ እንደገና ደውሉ። «ሰላም ነው» የሚል መልስ ብቻ አይበቃም። ሦስት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ፦ ከጎንደር ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዛሬ መኪና ያልፍበታል ወይ? በፓርኩ ውስጥ መኪና እስከ ጨነቅ ይደርሳል ወይ? ከጨነቅ ወዲያ በዚህ ወር መንገደኛ ሄዶ ተመልሷል ወይ? ለሦስተኛው ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኛችሁ ጉዞውን ጨነቅ ላይ የሚያበቃ አድርጋችሁ አቅዱ።

ወቅት

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብና ጉም ነው፤ ገደሉ አይታይም፣ ጭቃው በቅሎ ያንሸራትታል፣ መሸሃም ሊሞላ ይችላል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ምንጮቹም አልደረቁም። ምርጫ ላለው ሰው ይህን ጊዜ እንመክራለን። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ያረጋል። የካቲትና መጋቢት ደረቅና አቧራማ ናቸው፣ ምንጮቹም ይቀጥናሉ።

በዓልን አስቡ። ገናና ጥምቀት አካባቢ ባለ በቅሎም ምግብ አብሳይም እንደ ልብ አይገኝም፤ ጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጎንደር አልጋ የለም። ጾሙንም አትርሱ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት አካባቢ አንስቶ ጥሩውን የጉዞ ወቅት ግማሽ ያህል ይይዛሉ። አብረዋችሁ ከሚሄዱት ብዙዎቹ ይጾማሉ፤ እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱም አሉ። ምግቡ የጾም ከሆነ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል፤ ሥጋና ወተት የምትይዙ ከሆነ ግን የተለየ ድስትና ማማሰያ ያዙ።

ቀኖቹ

ከ3,000 ሜትር በላይ የሚሠራበት ደንብ የሚቆጥረው ቀን የተወጣውን ሳይሆን ሌሊት የሚታደርበትን ነው፦ የዛሬ ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው ከፍታ ላይ ይታደር። የሚከተለው በዚሁ ደንብ የተሠራ ነው።

ቀን 1፦ ከጎንደር ደባርቅ በመኪና። ማደሪያ ደባርቅ፣ 2,850 ሜትር ገደማ።
ቀን 2፦ ጠዋት ምዝገባና ክፍያ፤ ከዚያ በመኪና እስከ ቡይት ራስ፣ በእግር እስከ ሳንካበር። ማደሪያ 3,250 ሜትር።
ቀን 3፦ በጅንባር ፏፏቴ በኩል ወደ ግጭ፣ ከ5 እስከ 6 ሰዓት የእግር መንገድ። ማደሪያ 3,600 ሜትር።
ቀን 4፦ ሻንጣ ሳይነሳ እመት ጎጎ (3,926 ሜትር) ደርሶ መመለስ። ማደሪያ ያው ግጭ።
ቀን 5፦ በኢናትዬ (4,070 ሜትር) በኩል ወደ ጨነቅ፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት። ማደሪያ 3,620 ሜትር።
ቀን 6፦ ቧሂትን ተሻግሮ፣ መሸሃን አልፎ አምቢቆ፣ ከ8 እስከ 9 ሰዓት።
ቀን 7፦ ራስ ደጀን ደርሶ ወደ አምቢቆ መመለስ።
ቀን 8፦ ወደ ጨነቅ መመለስ።
ቀን 9፦ በመኪና ወደ ደባርቅና ጎንደር።
ቀን 10፦ መጠባበቂያ። የመመለሻ አውሮፕላን ቲኬት ለዚህ ቀን አይቆረጥም።

ሰው ቀን ለማሳጠር ሲፈልግ መጀመሪያ የሚሰርዘው ቀን 4ን ነው፤ «እዚያው ለመመለስ ለምን እንወጣለን?» ይላል። ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ወደ 4,000 ሜትር ወጥቶ 3,600 ላይ መተኛት ሰውነትን ለቧሂት የሚያዘጋጀው ሥራ ነው። አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ያለው ሰው የሚሰርዘው ራስ ደጀንን ይሁን፤ ከጨነቅ ተነስቶ የቧሂትን ጫፍ (4,430 ሜትር) በአንድ ቀን ደርሶ ይመለስ። ከራስ ደጀን የሚያንሰው በ120 ሜትር ብቻ ነው፤ ለዋልያም ከጨነቅ ዙሪያ የተሻለ ቦታ የለም።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው 2,300 ሜትር ላይ ስለሚያድር ደባርቅ ላይ ምንም ላይሰማው ይችላል። ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ ወይም ከውጭ አገር በቀጥታ የመጣ ግን ጎንደር ወይም ደባርቅ አንድ ሌሊት ይጨምር። ደጋ ያደገ ሁሉ ከፍታ አይነካውም ማለትም አይደለም፤ ከ3,500 በላይ ሁሉም እኩል ይጠነቀቃል።

ሰውና በቅሎ

ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያና የካምፕ ክፍያ ይከፈላል፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት (ጠባቂ) ይመደባል። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና ባለ በቅሎም እዚያው ደባርቅ ይገኛሉ፤ ብዙውን ጊዜ በየማኅበራቸው በተራ ነው የሚወጡት። ተመኑን ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቃችሁ በወረቀት ያዙ። ለአራት ተጓዥ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ስካውት፣ አንድ ምግብ አብሳይና ሁለት ወይም ሦስት ባለ በቅሎ ይበቃሉ።

የበቅሎው ቁጥር ከክብደት ይወጣል። አራት ሰው በነፍስ ወከፍ 12 ኪሎ ቢይዝ 48 ኪሎ፤ የተጓዡና የአጃቢው ምግብ 48 ኪሎ ገደማ፤ ድንኳንና የማብሰያ ዕቃ 36 ኪሎ፤ ነጭ ጋዝ ከነጀሪካኑ 8 ኪሎ፤ ድምሩ 140 ኪሎ ነው። አንዱ አጋሰስ 35 ኪሎ ቢይዝ አራት ያስፈልጋሉ። በዚህ ላይ ከጨነቅ ወዲያ ጭነት የሌለበት፣ ኮርቻ ያለው አንድ በቅሎ ጨምሩ። አብዛኛው ሰው ትርፍ ወጪ ይመስለውና ይተወዋል። አምቢቆ ላይ እግሩ የዞረበትን ሰው በቧሂት መልሶ የሚያወጣው ግን ይኸው በቅሎ ነው።

ከመነሳት በፊት ከሁሉም ጋር ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ፦ የቀን ክፍያው ስንት ነው? ምግባቸውን ማን ይችላል? ብርድ ልብስና ድንኳን አላቸው ወይ? በቅሎዎቹ ከምትለያዩበት ቦታ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀንም ይከፈላል፤ ይህን ሳያነሱ የሄዱ መጨረሻው ቀን ላይ ሲጨቃጨቁ ይታያሉ። አማርኛ መናገራችሁ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም ነው። ስካውቱን ጋሼ ብላችሁ፣ ባለ በቅሎውን በስሙ ጠርታችሁ በቀጥታ ጠይቁ፤ ስለ ውሃውና ስለ አየሩ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ አይገኝም።

ጥሬ ብር ከጎንደር ወይም ከደባርቅ አውጡ፤ ከደባርቅ ወዲያ ባንክ የለም። ለጉርሻ ዝርዝር ኖቶች ለየብቻ አስቀምጡ።

አጫጫን

ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ በቅሎ ላይ አይሆንም፤ ጠርዙ ጎኗን ይልጣል፣ መጫኛውም ያንሸራትተዋል። ዕቃው ለስላሳ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ ቦርሳው ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈን። የቀኝና የግራው ጭነት ክብደት እኩል መሆን አለበት፤ ሁለት ኪሎ ልዩነት እንኳ ቁልቁለት ላይ ኮርቻውን ያዞረዋል። የእጅ ሚዛን ብትይዙ ባለ በቅሎው ያመሰግናችኋል። የመኝታ ከረጢትና የሌሊት ልብስ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ የሚረጥበው ሌላው ሁሉ ይድረቅ አይድረቅ ግድ የለም፣ እነዚህ ሁለቱ ግን ከረጠቡ ሌሊቱ አይነጋም።

በቅሎዎቹ ብዙ ጊዜ በአጭሩ መንገድ ስለሚሄዱ ቀን አታገኟቸውም። ስለዚህ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ምሳ፣ መድኃኒትና ባትሪ በየራሳችሁ ጀርባ ላይ ይሁን።

ስንቅ

የእኛ የመንገድ ስንቅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፦ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ግማሹ እሳት አይፈልግም። ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን በሶ 80 ግራም፣ ቆሎ 100፣ ዳቦ ቆሎ 80፣ ድርቆሽ 150፣ ሽሮ 60፣ ፓስታ ወይም ሩዝ 120፣ ለውዝ 50፣ ስኳር 50፣ ዘይት 40 ግራም ያዙ። ድምሩ 730 ግራም ነው፤ ለአራት ሰው ለስምንት ቀን 23 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። ድንች፣ ሽንኩርትና ጎመን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ደባርቅ ይገዛል። እንጀራ ከሁለተኛው ቀን በላይ አትመኩበት፤ ድርቆሹ የሚያዘውም ለዚህ ነው።

3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይንተከተካል፣ ግን ቶሎ አያበስልም። ድፍን ምስር ሁለት ሰዓት እሳት ላይ ቆይቶ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ ሩዙም ውጩ ገንፎ፣ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ምስር የግድ ከሆነ ክኩን ከሌሊቱ ዘፍዝፉት ወይም ፕሬሸር ድስት አስጭኑ። ሽሮ ግን ቀድሞ የተቆላ ዱቄት ስለሆነ አያስቸግርም።

በፓርኩ ውስጥ እንጨት አትቁረጡ፤ ለማገዶ የሚታየው የአስታ ዛፍ በብርድ አገር ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ለቡድኑ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ነጭ ጋዝ አስቡ። ጋዝም ሲሊንደርም አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ጎንደር ወይም ደባርቅ ይገዛል። የነዳጁ ጀሪካን ከስንቁ ጋር በአንድ በቅሎ አይጫን፤ ላምባ የነካው በሶ የሚጣል ነው።

ለመጠጥ በሰው በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። የምንጭ ውሃ ጠርቶ ቢታይም ከላይ ከብት ሊኖር ስለሚችል ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። ማታ አፍልታችሁ በጠርሙስ ብትሞሉት ሌሊት እግር ሥር ሙቀት ይሆናል፣ ጠዋት ደግሞ የሚጠጣ ውሃ ነው።

ልብስና ጫማ

እስከ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚችል የመኝታ ከረጢት፣ ከሥሩም ፍራሽ ያስፈልጋል። ብርዱ ከላይ ይልቅ ከመሬት ነው የሚመጣው። ሰውነት ላይ የሚለበሰው የጥጥ ካናቴራ ሳይሆን ላብ ቶሎ የሚያደርቅ ይሁን፤ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት፤ የሱፍ ኮፍያና ጓንት። ጋቢ ካምፕ ላይ ምቾቱ ሌላ ነው፣ ይያዝ፤ ለብሶ መሄድ ግን አይሆንም፣ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም።

ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር የተለመደ ይሁን። አዲስ ጫማ ሳንካበር ሳይደርስ ተረከዝን ውሃ ያስቋጥራል። ከቧሂት ወደ መሸሃ የሚወስደው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ስለሆነ የእግር ጥፍራችሁን ቀድማችሁ ቁረጡ፤ አለበለዚያ አውራ ጣት ይጠቁራል። ጉልበት የሚያመው ሰው ሁለት ምርኩዝ ይያዝ። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም ብሎ የፀሐይ ቅባት የሚተው ብዙ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ከንፈሩ ተሰንጥቆ ቆሎ መብላት ያቅተዋል።

ለልምምድ ሁለት ወር ውሰዱ። የአዲስ አበባ ሰው እንጦጦን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ተሸክሞ ይውጣ። ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ላይ አተኩሩ፤ ጭን የሚጎዳው እዚያ ነው።

የከፍታ ሕመም

የሚጀምረው በራስ ምታት ነው፤ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። እኛ ዘንድ ችግሩ የስም ነው፦ «ምች መታኝ»፣ «ብርድ ነው»፣ «ትናንት የበላሁት ነው» ይባልና ይታለፋል። ደንቡ አጭር ነው፦ ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት ከእነዚህ ምልክቶች በአንዱ እንኳ ከታጀበ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው። ያመመው ሰው እዚያው ያርፋል፣ ይጠጣል፣ ፓራሲታሞል ይወስዳል፤ ሳይሻለው አይወጣም። ከባሰበት ይወርዳል።

ሁለት ነገር ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ያስወርዳል። አንደኛው የአንጎል እብጠት ነው። ለመለየት መሬት ላይ መስመር አስምራችሁ ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት እያገናኘ አሥር እርምጃ እንዲሄድ አድርጉ፤ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ጥርጥር የለውም። ሁለተኛው ሳንባ ውሃ መቋጠሩ ነው፦ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። እነዚህ ሁለቱ በዕረፍት አይድኑም።

አሴታዞላማይድ (ዳያሞክስ) ለመከላከል የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ መውጣት ከመጀመሩ አንድ ቀን አስቀድሞ ነው። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው፣ ነፍሰ ጡርና የኩላሊት ሕመምተኛ ሐኪም ሳያማክሩ አይንኩት። ሽንት ስለሚያበዛ ውሃ ይጨመርበታል። የእንቅልፍ ኪኒንና አረቄ ሌሊት ትንፋሽን ያዘገያሉ፤ «ብርዱን ይሰብራል» እየተባለ የሚዞረው መለኪያ ከደባርቅ አይለፍ።

ከግጭና ከጨነቅ መውረድ ማለት መኪና ጋ መድረስ ማለት ነው። ከአምቢቆ ግን መውረድና ሐኪም ዘንድ መድረስ ይለያያሉ፦ ወደ መሸሃ 400 ሜትር መውረድ እፎይታ ይሰጣል፣ ወደ ሐኪም ግን አያደርስም። ሳንባው ውሃ የቋጠረን ሰው በ4,200 ሜትር ማሻገር ደግሞ ለሞት መዳረግ ነው። ስለዚህ በቀን 5 ማታ፣ ጨነቅ ላይ፣ እያንዳንዱ ሰው ይጠየቃል፦ ራስህን ያምሃል? እራት በልተሃል? ትናንት ተኝተሃል? መስመሩ ላይ ይሂድ። አንዱን እንኳ ያላለፈ በማግስቱ ቧሂትን አይሻገርም፤ እዚያው ይቆይ ወይም ወደ ደባርቅ ይመለስ። ይህ ውሳኔ የአስጎብኚው እንዲሆን ደባርቅ ላይ ተስማሙ፤ ጨነቅ ላይ ጓደኛ ለጓደኛ «ቅር» ማለት ይከብደዋል።

የጫፉ ቀን

ከአምቢቆ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ። በሶ በስኳር በጥብጣችሁ ጠጡ፤ በዚያ ሰዓት ጠጣር ምግብ አይወርድም። የግንባር መብራትና የስልክ ባትሪ ከደረት ኪስ ይዋል፣ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። መውጣቱ 1,350 ሜትር ገደማ፣ አምስት ሰዓት ያህል ነው። እያወሩ መሄድ እስኪቻል ድረስ ቀስ በሉ፤ ወሬው ሲቋረጥ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በበዛበት ሜዳ ላይ ነፋሱ ይበረታል፣ ጃኬቱን ከመድረሳችሁ በፊት ልበሱ። የመጨረሻዋ አጭር አለት በእጅ ጭምር የምትወጣ ናት፤ ውርጭ ካለባት ፀሐይ እስኪያርፍባት ጠብቁ። እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ ጫፉ ላይ ያልደረሰ፣ የትም ይሁን የት ይመለስ፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲወርድ መንገዱ ይጠፋል።

ካምፕ ላይ ምግብ ድንኳን ውጭ አታስቀምጡ፤ የጨነቅ ቁራዎች ከረጢት ይቀዳድዳሉ። ጭላዳዎቹን አትቀልቡ። ቆሻሻው ሁሉ በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ተጠራቅሞ በባዶ በቅሎ ደባርቅ ይመለሳል፤ ጉድጓድ ሽንት ቤት በሌለበት ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ ቅበሩ።

ቀን 8 ማታ ጨነቅ ላይ ሒሳቡን ዝጉ። ለእያንዳንዱ ሰው ክፍያውና ጉርሻው ለየብቻ በእጁ ይሰጠው፤ ለአንዱ ሰጥቶ «አካፍላቸው» ማለት ጠብ ይተክላል። ጠዋት መኪናው ሲመጣ ባለ በቅሎዎቹ ቀድመው ሊሄዱ ስለሚችሉ ለነጋ አታቆዩት።